ስለ ጨዋታና ስለ ሰንደቅ ዓላማ

ሰው ብቻውን ለመኖር አልተፈጠረም፤ ነገር ግን ከብዙ ሰው ጋራ ሲኖር ደግሞ ሳይጣላ መኖር አይሆንለትም። ጎረቤት ከጎረቤቱ በወሰን፥ ወንድም ከወንድሙ በርስት፥ ነገድ ከነገድ በሥልጣን፥ አንዱ ሃይማኖት ከሌላው በክብር ይጋጫል። ስለዚህ በየዘመኑ የነበሩ ሕዝቦች ሁሉ የተለያየውን ወደ አንድ የሚሰበስብ ነገር ሲሹ ኖረዋል። በዛሬው ዘመን ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚታመኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ስፖርት፥ ሁለተኛው የአገር ምልክት፥ ይልቁንም ሰንደቅ ዓላማ ነው። «ኳስ አንድ ያደርገናል፤ ባንዲራችን አንድ ያደርገናል» ሲባል ያልሰማ ወጣት የለም። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም አምኜዋለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማመኔ አሳፍሮኛል። እንግዲህ ነገሩ እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ በምን መንገድ? ይህን ለመመርመር ከሩቅ አገር ታሪክ በፊት ከራሴ መንደር ብጀምር አንባቢ ይፈቅድልኝ ይሆናል።

የተወለድሁት በምሥራቅ ጎጃም፥ የጥኖራ፥ ቢቸናና ሞጣ በሚባሉት አገሮች በኩል ባለው ደጋ ነው። በዚያ አገር ታኅሣሥ ሲገባ ጤፉ ታጭዶ ይከመራል፤ እርሻው ባዶ ሜዳ ይሆናል፤ ልጅም ጎልማሳም ጫፉ የቆለመመ ዱላ እየቈረጠ ወደ ገና ጨዋታ ይወጣል። የከተማ ልጅ ይህን ጨዋታ በወሬ ብቻ ያውቀው ይሆናልና ጥቂት ልናገር። የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም፤ ሜዳውም አጥር የለውም። ሁለት የቡድን አባቶች ይመረጡና ከተሰበሰበው ሰው መካከል በየተራ አንድ አንድ እየጠሩ ወገናቸውን ያበጃሉ፤ አለዚያም የላይ መንደርና የታች መንደር ሆነው ይገጥማሉ። ሥራው ተድበልብላ የተበጀችውን ጥንግ በዱላ እየመቱ ወደ ባላጋራ ወገን ማሳለፍ ነው። ዱላው ጥንጓን ብቻ ሳይሆን ቅልጥምንም ያገኛል፤ ጣት ያልተሰበረበት ገና እምብዛም አይታወስም። የጨዋታው ትልቅ ክብር ግን በዚያ ቀን ጌታ ሎሌውን የማይቆጣ መሆኑ ነው። ባላባቱ በሎሌው ዱላ ተመትቶ እያነከሰ ይስቃል። በማግሥቱ ጌታው ጌታ፥ ሎሌው ሎሌ ሆኖ ይውላል። ይህን ማግሥት አንባቢ እንዳይረሳብኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

አንድ ዓመት፥ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ የላይ መንደርና የታች መንደር ልጆች ለመጫወት ተሰብስበን ስንቈጠር የእኛ ወገን አንድ ጐደለ። በሜዳው ዳር አንድ ልጅ ቆሞ ያየን ነበር። አባቱ ሙስሊም ሸማኔ ነው። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ሙስሊም ርስት አልነበረውም፤ ሸማ ይሠራል፥ ይነግዳል፥ መሬት ግን ተከራይቶ ወይም ተጠግቶ ነው የሚኖርበት። ይህ ሁሉ የተለወጠው የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። ልጁም ገና የእሱ በዓል አይደለምና ሳይጠራ አይገባም። የቡድናችን አባት ግን ሰው ጐድሎበት ነበርና «አንተ! ዱላ ይዘህ ና» አለው። መጣ፤ ተጫወተ፤ ከሁላችንም ይልቅ ሯጭ ሆኖ ተገኘ።

አሁን የምናገረው ነገር አያስመሰግነኝም። እኔ የዚያው ልጅ ባልደረባ፥ በአንድ ወገን የተሰለፍሁ ስሆን፥ ጥንጓን ደጋግሞ ስለ ቀደመኝ ቀናሁበት። በሆዴ «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» አልሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲቀድመኝ ዱላዬን የሰነዘርሁት ወደ ጥንጓ አልነበረም። ቅልጥሙን መታሁት፤ ወደቀ። ሁሉም የጨዋታ ነገር መሰላቸው። በዳር ተቀምጠው የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የምንጠራቸው አባ እያልን ነው፤ በየዓመቱም ጨዋታውን የሚዳኙ እርሳቸው ናቸው። ተነሡና ጨዋታውን አስቆሙ። «ጥንጓን አላያትም፤ እግሩን አይቶ ነው የመታው። ልጁ ይነሣና ጥንጓን ከወደቀበት ቦታ ብቻውን ይምታ። አንተ ዱላህን አስቀምጥና እስኪመሽ ከእኔ ዘንድ ቁጭ በል» አሉኝ። አጎቴ በዚያ ነበረና ነገሩ ቆጨው፤ «ምነው አባ፥ ለባዕድ ብለው የወገንዎን ልጅ ያስነሣሉ?» አላቸው። እርሳቸውም «ሜዳ ገብቶ ከተቈጠረ ወዲያ ባዕድ የት አለ? ቀድሞ ባትጠሩት ነበር» ብለው ተቀመጡ። ልጁ እያነከሰ ተነሥቶ ጥንጓን መታት።

እንግዲህ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ይህን ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል። ያን ልጅ የእኛ ያደረገው ወደ ሜዳ መጠራቱ አይደለም፤ የጠራነው ለራሳችን ጕድለት ነው። አብሮን መጮኹም አይደለም፤ ሲጮኽ ሳለ ነው የቀናሁበት። የእኛ ያደረገው ሲበደል ዳኛው እንደ ማንኛችንም አድርገው የፈረዱለት ጊዜ ነው። የስፖርት አንድ አድራጊነት ምሥጢሩ ከዚህ ያለ ይመስለኛል፤ ጩኸቱ ግን ሲጮኽ ብቻ የሚሰማ ነው። ይህን አሳቤን በአገራችን ታሪክ ልፈትነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፥ በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ከግብፅ ጋራ ገጠመች፤ ግብፅ ያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። የእኛ ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አስተካከለ፤ በተጨመረው ሰዓት ሁለት አግብቶ 4 ለ 2 አሸነፈ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው የሠሩ ሰው ናቸው። ግቦቹን ያገቡት ግርማ ተክሌ፥ ሉቻኖ ቫሳሎ፥ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ሉቻኖ የቡድኑ አምበል ነበረ፤ ዋንጫውንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ይህ ሰው በአስመራ የተወለደ፥ እናቱ ኤርትራዊት፥ አባቱ ጣሊያናዊ ነበረ። ከወረራው ገና ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ባለፈበት አገር የጣሊያን ስም የያዘ ሰው የኢትዮጵያን ዋንጫ ከፍ አድርጎ ሲያሳይ ስታዲየሙ በእልልታ ተናወጠ። ስፖርት ሕዝብን አንድ ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ዋዜማና ማግሥት የሆነውን እንመልከት። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን የተዋሐደችው በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የራስዋ ምክር ቤትና የራስዋ ሰንደቅ ዓላማ ነበራት፤ ሰንደቁ ግን ዋንጫው ከመገኘቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲወርድ ተደርጎ ነበር። ዋንጫው በተገኘ በአሥር ወሩ፥ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፥ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። በዚያ ስታዲየም አብሮ እልል ያለው ሕዝብ ልጆች እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በሠላሳ ዓመት ጦርነት ተፋጁ፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት አገር ሆነው እንደ ገና ተዋጉ። ሉቻኖም በደርግ ዘመን ከኢትዮጵያ ወጥቶ ኑሮውን በጣሊያን አደረገ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚያው ዐረፈ። እንግዲህ ምን እንበል? ያ እልልታ ውሸት ነበርን? አልነበረም። እውነተኛ ነበር፤ ግን ብድር ነበር። ሕዝቡ ያን ቀን የተዋደደው ኋላ በሚመጣ ፍትሕ ተማምኖ ነው። ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር አበዳሪው ፊቱን አዞረ።

ሌላም ላምጣ። የኔታችን እንደሚሉት አንድ ምስክር ለፍርድ አይበቃም። ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በእንቍጣጣሽ ዋዜማ፥ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የማራቶንን ውድድር አሸነፈ። ሮማ ማለት ያ ሁሉ ጦር የተላከብን ከተማ ነው። ሩጫውም ጣሊያኖች ከአክሱም ነቅለው በወሰዱት ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር፤ አበበ ከተፎካካሪው ተለይቶ የወጣው ወደዚያ ሲቃረብ ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ተተክሏል። አበበ ሲመለስ አዲስ አበባ ወጥታ ተቀበለችው። ሦስት ወር ብቻ አለፈ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛና የጦር ሠራዊት ወታደሮች፥ ሁለቱም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሰንደቅ ከፊታቸው ያለ፥ በዚያችው ከተማ አደባባይ ተታኰሱ። ይህን ስናገር የአበበን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ እሱ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። በአራት ዓመቱም በቶኪዮ ደገመው። ነገር ግን አንድ ሯጭ የአገርን የመሬት ጥያቄ፥ የሥልጣን ጥያቄ፥ የደመወዝ ጥያቄ በእግሩ ሊፈታ አይችልም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሸክም በሯጭ ጫንቃ ላይ ጭነን ወደ ቤታችን እንገባለን።

ስለ ሰንደቅ ዓላማም እንዲሁ ነው። የእኛን ቀለማት ዓለም ወደዳቸው። ጋና በ1949 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ነጻ ስትወጣ ለሰንደቅዋ አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ መረጠች፤ ጊኒ፥ ማሊና ሴኔጋልም ተከተሉ። ስለ ምን? የዓድዋ ድል ለጥቍር ሕዝብ ሁሉ የነጻነት ምልክት ስለ ሆነ ነው። በሩቅ ያሉ ሕዝቦች በዚህ ጨርቅ ሥር ሲሰበሰቡ እኛ ባለቤቶቹ በመካከሉ ምን ይሣል እያልን ስንጣላ ኖረናል። በንጉሡ ዘመን አንበሳ ነበረበት፤ በደርግ ዘመን ሌላ ዐርማ መጣ፤ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለ ኮከብ ሆነ። ዛሬ አንዱ ኮከቡ የሌለበትን ሲይዝ ሌላው ይቀየመዋል፤ አንዱ ኮከቡ ያለበትን ሲሰቅል ሌላው ፊቱን ያዞራል። በስታዲየም በር ላይ ሰው በያዘው ባንዲራ ሲገፈተር ያየ ይናገር። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ «የትኛው ነው ትክክለኛው?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አልመልስልህም፤ ጥያቄው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ከዚህ በፊት ልንጠይቀው የሚገባ ሌላ ጥያቄ ስላለ ነው። ጨርቁ ስለ ምን ቂም ያዘ? ጨርቅ ቂም የሚይዘው በሥሩ የቆመ ሰው ሲበደል ነው። በሰንደቅ ጥላ ሥር ርስቱን የተነጠቀ፥ ወይም ቋንቋው የተሰደበበት፥ ወይም ልጁ የተገደለበት ሰው፥ ያን ሰንደቅ ሲያይ የሚያየው ቀለሙን ሳይሆን የበደለውን ሰው እጅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ባንዲራህን ውደድ» ብሎ መቆጣት፥ ቅልጥሙን መትቶ «ተነሥና ሳቅ» እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ምልክት ፈጽሞ አያስታርቅም ማለቴ ነውን? አይደለም። ምልክት የሚያስታርቅበት መንገድ አለ፤ ከባድና ብዙዎች የማይደፍሩት ነው። በደቡብ አፍሪካ የሆነውን እንይ። የዘር መድልዎ አገዛዝ በዚያ አገር ሲገዛ የነጮቹ የራግቢ ቡድን ምልክት ስፕሪንግቦክ የምትባል ሚዳቋ ነበረች። ጥቍሮቹ ይህችን ሚዳቋ ጠሏት፤ ቡድኑ ከውጭ አገር ቡድን ሲገጥም የሚደግፉት የውጭውን ነበረ። ማንዴላ 27 ዓመት ታስረው፥ በ1986 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ፥ የገዛ ወገኖቻቸው «ይህች ምልክት ትጥፋ» ሲሉ እርሳቸው እንድትቆይ ፈቀዱ። በሰኔ 1987 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በጆሃንስበርግ ሲሆን፥ ያችን ሚዳቋ ያለችበትን አረንጓዴ ማልያ፥ የአምበሉን 6 ቍጥር ከጀርባቸው አድርገው ወደ ሜዳ ገቡ። ደቡብ አፍሪካ ኒው ዚላንድን 15 ለ 12 አሸነፈች። አብዛኛው ነጭ የሆነው ተመልካች የማንዴላን ስም እየጠራ ጮኸ።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ «ኳስ አስታረቃቸው» ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ አላነበውም። ያስታረቀው የተበደለው ሰው የበዳዩን ልብስ መልበሱ ነው፤ ይህንንም ያደረገው አስቀድሞ የምርጫ ሣጥን ተከፍቶ፥ ሕግ ለሁሉም እኩል ከሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ፍርዱ ቀደመ፤ ማልያው ተከተለ። ማንዴላ ገና በእስር ቤት ሳሉ ነጮቹ ያንኑ ማልያ አልብሰዋቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር? ስድብ ይባል ነበር። ደግሞም ራስን ለሌላው ምልክት ማጐንበስ የሚያምረው ከአሸናፊ ነው። አሸናፊ የራሱን ባንዲራ ተሸናፊው እንዲያውለበልብ ሲያስገድድ ግን ማስገበር እንጂ ማስታረቅ አይባልም። የደቡብ አፍሪካ ድኽነትና የሀብት ልዩነት በዚያ ዋንጫ እንዳልጠፋ አውቃለሁ፤ ብድሩ እዚያም ገና ተከፍሎ አላለቀም።

ጨዋታ ራሱ ጠብ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ የሚባሉት የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከገጠሙ በኋላ ጦር ተማዘዙ። ምክንያቱ ኳስ አልነበረም፤ መሬትና ስደተኛ ነበረ። ኳሷ የተከደነውን ገለጠችው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በጥቅምት 1 ሳምንት 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈበትን ቀን የማያስታውስ ጎልማሳ የለም። በካርቱም በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር፤ በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ናቸው። ሰው በመንገድ የማያውቀውን ሰው አቀፈ። በዚያው ዓመት ሙስሊሞች በየዓርቡ ከሶላት በኋላ ድምፃቸው እንዲሰማ ሲጮኹ ወራት አልፎ ነበር፤ ብዙዎችም ታስረው ነበር። የሳላዲንን ስም ሲጠራ ያመሸው ሰው ሁሉ በማግሥቱ ስለ እስረኞቹ ጠየቀ ወይ ብዬ ራሴን ብመረምር፥ እኔ አልጠየቅሁም። ስለ ሌላው አልፈርድም።

ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ በ2010ና በ2011 ዓ.ም. የትግራይና የአማራ ክልል ክለቦች በገዛ ሜዳቸው መገናኘት አቅቷቸው በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታ ዋንጫ ሲወስድ ፋሲል ከነማ ሁለተኛ ወጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። እንግዶች «ይህ ጦርነት በድንገት መጣ» ይላሉ። የኳስ ተመልካች ግን ያውቅ ነበር። ሁለት ቡድን በአንድ ዳኛ ፊት ለመቆም ሲፈራ፥ የታመመው ዳኝነት ነው፤ ኳስ አይደለም። ብልኅ መንግሥትና ብልኅ ሽማግሌ ያን ጊዜ ስታዲየሙን እንደ ሐኪም ጆሮውን ደቅኖ ባዳመጠው ነበር። እኛ ግን የጨዋታውን ቦታ ቀየርንና በሽታውን ተውነው።

በጎጃምም አሁን የምለውን የሚያስረዳ ደግ ምሳሌ ስላለ ሳልጠቅሰው አላልፍም። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1930ዎቹ፥ ጣሊያን ከወጣበት ዘመን አካባቢ ሲሆን፥ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች የሚያስታውስ ነው። ፈረሱ በሸልማት አጊጦ ሲጋልብ፥ ጉግሱ ሲጦፍ፥ ያየ ዓይን አይጠግብም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ማኅበር ከበዓሉ ቀን ውጭ የተጣላ ያስታርቃል፥ ያዘነ ያጽናናል፥ የሞተ ይቀብራል። አንድ ቀን ስለ ጋለበ ብቻ አልኖረም፤ በሌሎቹ ቀኖች ስለ ዳኘ ነው ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖረው። አየህ፥ ማግሥቱን ያልኩህ ይህ ነው። በገናው ዕለት ጌታው አልተቆጣም፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ሎሌው በማግሥቱ ወደ ዳኛ ሲሄድ ጌታው ተከሶ ይቀርብለታል ወይ? ካልቀረበለት የገናው ሳቅ ሎሌውን ለቀሩት 364 ቀኖች የሚያደነዝዝ ጠጅ ከመሆን አያልፍም። ጨዋታን በጣም ከሚወዱት መካከል እንዲህ ያለውን ጠጅ ለሕዝብ መቅዳት የሚወዱ ገዢዎች እንዳሉ ታሪክ ያሳያል።

አሁን ለመጻፍ እጄ ወደሚከብደው ልድረስ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ታየ የሚል ወሬ ተነሥቶ፥ ሰዎች ተሰብስበው መስጊዶችን አቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎችን ሱቆች ዘረፉ፥ አነደዱም። ሞጣ ማለት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ሲሸምት፥ በአንድ ለቅሶ ሲቀመጥ፥ ሲዋለድም ጭምር የኖረበት ከተማ ነው። ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ በአንድ የኳስ ሜዳ ይጫወታሉ። በየትምህርት ቤቱ ግቢ በየማለዳው አንድ ሰንደቅ ተሰቅሎ አብረው ይዘምራሉ። ታዲያ ሜዳውም ነበረ፥ ሰንደቁም ነበረ፤ ስለ ምን አላዳነም?

ክፉ ነገር ሲሆን «እነዚያ የእኛ ልጆች አይደሉም፤ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው» ማለት ልማዳችን ነው። ሊሆን ይችላል። ግን እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ዱላዬን ስሰነዝር ከሌላ ቦታ አልመጣሁም፤ ማልያ ቢኖረን ኖሮ ከዚያ ልጅ ጋራ የለበስነው አንድ ማልያ ነበረ። ከአንድ ሰው ጋራ በአንድ ወገን መሰለፍ ለዚያ ሰው ቅንዓትና ንቀት እንዳይኖረን አያደርግም። እኔን የገታኝ የጨዋታው ፍቅር አይደለም፤ አንድ ዓይናቸው ያልተጋረደ ሽማግሌ ናቸው። በሞጣ በዚያ ቀን የጐደለውም ይህ ይመስለኛል፤ ጩኸቱ ሲነሣ ተነሥቶ «ቁም፤ እሳቱን ያየ ማን ነው? ይምጣና ይናገር» የሚል ሰው፥ ሕዝቡም የሚሰማው ሰው። ኋላ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ለመስጊዶቹ ማሠሪያ ገንዘብ ተዋጣ፤ በየከተማውም ክርስቲያኖች ድርጊቱን አወገዙ። ይህ እውነተኛ የኅብረት ሥራ ነው፤ ከብዙ ዋንጫም ይበልጣል። ግን ከእሳቱ በኋላ የመጣ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ አንብበህ ኳስን ናቅ፥ ባንዲራን ጣል ያልሁህ እንዳይመስልህ። እኔ ራሴ ዛሬም የኢትዮጵያ ሯጮች ሲሮጡ ተቀምጬ ማየት አልችልም፤ በሽምግልናዬ ከወንበር ላይ እዘላለሁ፤ የልጅ ልጆቼም ይሥቁብኛል። ይህን ደስታ እግዚአብሔር ከዚህ ሕዝብ አይውሰድበት። የምለው ይህን ነው፤ በዚያ ቀን አጠገብህ ሆኖ የጮኸውን ሰው መልኩን ያዘው። በማግሥቱ በቀበሌ፥ በፍርድ ቤት፥ በገበያ፥ በትምህርት ቤት ሲገፋ ብታይ፥ ትናንት አብሮህ የጮኸ መሆኑን ለዳኛው ንገር። ዳኛው አንተ ብትሆን ደግሞ ነገሩ ይቀልልሃል ብዬ አልዋሽህም፤ አጎትህ ከኋላ ሆኖ «ለባዕድ ብለህ?» ይልሃልና።

ያ የሸማኔ ልጅ ከዓመታት በኋላ ነጋዴ ሆነ፤ ዛሬ የሚኖረውም ከሞጣ ርቆ በሌላ ከተማ ነው። ያኔ በተመታ በስድስት ወሩ ለዒድ በዓል ጠርቶን ነበር። እናቱ የእስላም ሥጋ እንደማንበላ ያውቃሉና ለእኛ ለብቻ ቆሎና ዳቦ አዘጋጅተው፥ ማርም ጨምረው፥ «ያ ልጄን ያነከሰው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልተናገረም፤ እሱም አልነገራቸውም። እኔ ማሩን በላሁ።

የሞጣውን ነገር በሰማሁ ጊዜ በስልክ ፈለግሁት። ምን እንደምለው አላውቅም ነበር፤ «ወንድሜ፥ እንዴት ሰነበትህ? ሰማህ ወይ?» ብቻ አልሁ። «ሰማሁ» አለኝ። ዘመዶቹ በሕይወት መኖራቸውን ነገረኝ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ብዙ ቆይቶ «እግሬ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመኛል» አለና ሣቀ። ያን ጊዜ አውቄ እንደ መታሁት ነገርሁት፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። «አባ ፈርደው የለም እንዴ? አልቋል» አለኝ። ሊሰናበተኝ ሲል ግን ቆም ብሎ «ገና ሁለት ሳምንት ቀረው። እዚያ መንደር ልጆቹ ዘንድሮ ይጫወታሉ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ከአገር ርቄ ነበርና «ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልሁት።